የጋሼ ዲቲ፦ ዘጠኝ ወር ከያማሃ ዲቲ 125 ጋር

የተረከብኳት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን ሰኔ ሊያልቅ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት 4,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቻታለሁ፤ አብዛኛው እዚሁ ጎንደርና ዙሪያዋ ነው። ስለ ያማሃ ዲቲ 125 የሚጠይቁኝ ልጆች ስለበዙ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ግን ጋሼን ትቼ ስለ እሷ መጻፍ አልሆነልኝም። ሞተሯ የእሳቸው ነበረች። ነሐሴ ላይ ታመው ዐረፉ።

ስማቸውን ለቤተሰባቸው ልተውና እኛ እንደምንጠራቸው ጋሼ ልበላቸው። እሁድ እሁድ ሞተር ይዘን የምንወጣ ጓደኛሞች ነን። ኮሶዬ ድረስ ሄደን ቁልቁል ቆላውን እያየን ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። ከመሃላችን በዕድሜ ትልቁ ጋሼ ነበሩ። የግብርና ሠራተኛ ሆነው ደምቢያን፣ አርማጭሆን፣ መተማን ሲዞሩ ነው ያረጁት። ዲቲዋን መሥሪያ ቤታቸው በጨረታ ሲሸጣት ገዟት። ሰው ሁሉ «የወደቀ ብረት ገዙ» አላቸው። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ዓመት የነዷት ራሳቸው ስለነበሩ ምን እንደገዙ ያውቁ ነበር።

በቀብራቸው ቀን አሥራ አራት ሞተር ይዘን መጣን። አንዳችንም አላስነሳንም። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ በእጃችን ገፋን። ዲቲዋን የገፋሁት እኔ ነኝ። የበግ ለምዳቸው መቀመጫዋ ላይ እንደተነጠፈ ነው፤ ሄልሜታቸውን መሪዋ ላይ አንጠልጥለነዋል። በድሮው ወግ ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋላቢ ሳይኖረው ለቅሶው መሃል ይሳባል። እኛ ያንን አስበን አልነበረም። በሐዘን መሃል ድምፅ ላለማሰማት ብለን ነው። አንዲት እናት ግን ሞተሯን ሲያዩ ያ ወግ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ሙሾ አወጡላት፦

ጭቃው አላስቀራት አቀበት አልረታት፤
ዛሬ በሜዳው ላይ ምን አገኘሽ በሏት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሴን ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ መሪውን ተቀበለኝ።

በአርባቸው ማግስት ባለቤታቸው እትዬ ጠሩኝ። ልጆቻቸው ያሉት ሩቅ ነው፤ ሞተር የሚነዳም የለባቸውም። «ልጄ፣ ቆማ ዝገት ከሚበላት አንተ ንዳት። ፈታትቶ ለሚሸጥ ብቻ እንዳትሰጥብኝ» አሉኝ። ከጓደኞቻችን ሦስቱ ዋጋዋን ተነጋግረው ቆረጡ፤ ከፈልኩ፤ ሊብሬው በስሜ ዞረ።

እንግዲህ ወደ ሞተሯ። ዲቲ 125 ቱ ስትሮክ ናት። አንድ ሲሊንደር፣ 123 ሲሲ። ፒስተኗ 56 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የሚወጣውና የሚወርደው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ከተማውን የሞሉት የህንድ ሞተሮች ፎር ስትሮክ ናቸው፤ ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ያቀጣጥላሉ። ይቺ በእያንዳንዱ ዙር ታቀጣጥላለች። ለዚህ ነው ትንሽ ሆና ሳለ አቀበት ላይ የምትፈናጠረው። እንደ ፎር ስትሮክ ቫልቭና ካምሻፍት ሲሊንደሯ ራስ ላይ የላትም፤ የሚበላሽባት ነገር ጥቂት ነው።

የምትነሳው በእግር ብቻ ነው። ጠዋት ጎንደር ሲቀዘቅዝ ቤንዚኗን እከፍታለሁ፣ ቾክ እስባለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጌ እረግጣታለሁ። ሦስተኛውን ጠንከር። አብዛኛውን ቀን በሦስተኛው ትነሳለች። ይህን ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው፤ ያሳዩኝም ከአልጋቸው ሆነው ነው። መጨረሻቸው አካባቢ ልጠይቃቸው ስሄድ «እስቲ አስነሳት፣ ልስማት» ይሉኝ ነበር። መስኮታቸው ሥር አቁሜ አስነሳታለሁ። ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን «ሚኒሞዋ ከፍ ብሏል፤ ቀንሰው» አሉኝ። ወጥቼ ነዳጅ ሳይሰጣት የምትዞርበትን ፍጥነት የሚወስነውን ብሎን ሩብ ዙር ፈታሁላቸው። «አዎ፣ አሁን እሷ ናት» አሉ።

ስለ ዘይቷ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ዲቲን የሚገድላት እዚህ ላይ ነው። ቱ ስትሮክ ላይ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ ይቃጠላል። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦቶሉብ የሚለውን ዘዴ ሞተሮቹ ላይ ያስገባል። ዘይቱ የራሱ ታንከር አለው፤ ትንሽ ፓምፕ እንደ ነዳጁ አሰጣጥህ እየለካ ይልካል። አንተ ታንከሩን መሙላት ብቻ ነው። ጋሼ የዘይት ታንከሩ ላይ በምስማር ጫር አድርገዋል። ከዚያች ጭረት በታች አይወርድም። ታንከሩ አንዴ ባዶ ከሆነ አየር ይገባል፤ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ፓምፑ ምንም አይልክም፤ ያኔ ፒስተኑ ያለ ዘይት ይሠራል።

ኅዳር ላይ አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። የሚሠራልኝ ልጅ ሳይጠይቀኝ ፓምፑን ዘግቶ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ዘይቱን ቤንዚኑ ውስጥ ራስህ ደባልቅ» አለኝ። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ነዳሁ። አንዴ አበዛሁ፣ ካንዴላዋ ታፈነ፤ አንዴ ያነስኩ መስሎኝ ፈራሁ። በመጨረሻ ከጓደኞቼ አንዱ ፓምፑን መልሶ ገጥሞ አየሩን አወጣልኝ። ፓምፑ ምንም አልሆነም ነበር። በጣም አዘንኩ፤ ጋሼ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን እኔ በሁለተኛው ወር ላስወጣው ነበር። ዲቲ የምትገዙ ልጆች፣ ፓምፑ ከሠራ አታስነኩት።

ሌላው ቁልቁለት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ እሁድ ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞ ወርደን ነበር። መንገዱ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል። እኔ ያኔ በፎር ስትሮክ ከኋላቸው ነበርኩ። ጋሼ በየመታጠፊያው መሃል ፍሪሲዮን ጨብጠው ነዳጅ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ግርርም፣ ግርርም ይላል። ለደስታ መስሎኝ ነበር። ታች ስንደርስ ጠየቅኳቸው። «ነዳጅ ዘግተህ ስትወርድ ዘይትም አብሮ ይቀንሳል። ጎማው ግን ያዞራታል። አጠጣት፤ በባዶ ሆዷ አትሩጥ» አሉኝ። አሁን ከኮሶዬ ስመለስ፣ በትንሹም ቁልቁለት፣ አጠጣታለሁ። ፎር ስትሮክ የለመደ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ይቺ በማርሽ ብዙ አትያዝም። ቁልቁለት ላይ ሁሉም ነገር በፍሬን ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ነው።

ከፍታውም አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡሬተሯ ግን ይህን አታውቅም፤ የለመደችውን ቤንዚን ትሰጣለች። ቤንዚን ይበዛና ሞተሯ ትታፈናለች፣ ካንዴላዋ ጥቀርሻ ይለብሳል። መፍትሔው ቤንዚን የምትለካዋን የነሐስ ጄት በትንሽ ቀዳዳ መቀየር ነው። ወደ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ስትወርድ ደግሞ ትልቋን መመለስ ግድ ነው። ካልሆነ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ሲሊንደሩን ነክሶ ይጣበቃል። ጋሼ ጄቶቹን በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አድርገው ከመፍቻዎቹ ጋር አስቀምጠዋቸው አገኘሁ። አንዷ በቀይ ክር ታስራለች፣ አንዷ በነጭ። ቀይዋ የቆላ ናት፣ ነጯ የደጋ። ማንም አልነገረኝም፤ ገጥሜ ሞክሬ ነው የገባኝ። እኔ መተማ ስላልወረድኩ ቀይዋ እስካሁን ብልቃጡ ውስጥ ናት።

ዲቲን ዲቲ ያሰኛት ግን ጭቃ ነው። ደምቢያን በክረምት የሚያውቅ ሰው ዋልካውን ያውቃል። ጥቁሩ አፈር ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። የከተማ ሞተር የፊት ጭቃ መከላከያው ጎማውን የነካ ያህል ቅርብ ስለሆነ ጭቃው እዚያ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞር ያቆማል። ወርደህ በእንጨት ትጭረዋለህ፣ አሥር ሜትር ሄደህ እንደገና ትጭረዋለህ። የዲቲ መከላከያ ግን ከጎማው በጣም ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ጭቃው ይዞርና ይወድቃል። የፊት ጎማዋ 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ነው። የፊቱ ትልቅነት ፒስታ ላይ ድንጋይና ቦይ ሲያጋጥም ይታወቃል፤ ሳይሰናከል ይሻገራል። የክረምቱን ጭቃ ገና አብሬያት አላየሁትም፤ የግንቦት ዝናብ ግን አዘዞን አልፎ በተዘረጋው ጥርጊያ ላይ በደንብ አሳይቶኛል። እኔ ብቻዬን አለፍኩ፤ ሁለት ጓደኞቼ ገፍተው ወጡ።

ፍሬኗ የፊቱም የኋላውም ታምቡር ነው። ሲደርቅ ይበቃል። ውኃ ከተሻገርክ በኋላ ግን የፍሬን ሸራው ስለሚርስ መጀመሪያ አይዝም። እየሄድክ ትንሽ ረገጥ፣ ትንሽ ጨበጥ አድርገህ አድርቀው።

የማልወድላት መብራቷን ነው። 6 ቮልት ናት። ሚኒሞ ላይ ስትሆን መብራቷ የሻማ ያህል ይሆናል። ከአዘዞ ወደ ማራኪ ሲመሽ ሲኖትራክ ከፊት ረጅም መብራት አብርቶ ከመጣ መንገዱ ይጠፋል። እኔ ከመሸ አልነዳትም።

ወጪዋም ከባድ ነው። በሊትር 24 ኪሎ ሜትር ነው የሄደችልኝ። የጓደኛዬ ፎር ስትሮክ ቦክሰር ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ይሄዳል። በዚያ ላይ በየ900 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ትፈልጋለች። ቤንዚን በጠፋበትና ሰልፍ በረዘመበት ሰሞን ቆማ ነው የከረመችው። ካንዴላ፣ ገመድ፣ የፍሬን ሸራ እዚሁ ይገኛል። የፒስተን ፋሻና የክራንክ ጎማ ግን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ማስፈለግ ነው። ማርሚታዋ ውስጥ ጥቀርሻ ይጋገራል፤ የካቲት ላይ አውጥቼ ጠርጌው ጉልበቷ በግልጽ ተመለሰ። ካንዴላ ሁልጊዜ ሁለት መለዋወጫ በኪስ መያዝ ነው።

ስለዚህ ከፒያሳ ሥራ ቦታ ለመመላለስ ሞተር የምትፈልጉ ዲቲ አትግዙ፤ ፎር ስትሮክ ይሻላችኋል። ገጠር የምትሠሩ፣ ጥርጊያና ጭቃ የዕለት ኑሯችሁ የሆነ፣ በእጃችሁ መፍታትና መግጠም የማይሰለቻችሁ ግን ንጹሕ ዲቲ ካገኛችሁ አትለፏት። ንጹሕ ስል በአንድ ሰው እጅ የቆየች ማለቴ ነው። ሻጩን ዘይቷን እንዴት እንደሚሞላ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ድምፅዋን ሳልጽፍ ቀረሁ። ቱ ስትሮክ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሜዳ ላይ ከሩቅ ይሰማል። ታኅሣሥ ላይ ወደ ደምቢያዋ ቆላ ድባ ወርጄ ነበር። ከዋናው መንገድ ወጣ ብዬ በአንድ መንደር ሳልፍ አንድ ገበሬ ከማሳቸው እየሮጡ መጡ፣ ነጠላቸውን እያውለበለቡ። አቆምኩ። ሄልሜቴን ሳወልቅ ፊታቸው ተቀየረ። «እኔስ እሳቸው መስለውኝ ነው። በድምፅዋ» አሉ። ከዚያ «ደኅና ናቸው?» አሉኝ።

አልሰሙም ነበር። መርዶውን እኔ ነገርኳቸው፣ ሞተሯ መሃላችን እንደቆመች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሽምብራ በመስመር መዝራትን ያስተማሯቸው ጋሼ እንደነበሩ፣ ዝናብ ሲይዛቸው ቤታቸው ያድሩ እንደነበር፣ ጠዋት ሞተሯን ሳያብሱ ቁርስ እንደማይቀምሱ አወሩልኝ። ልነሳ ስል «ቆይ» ብለው ማሳቸው ገቡና አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ነቅለው መጡ። እኔን ሳይጠይቁ ከኋላ ያለችውን ብረት ላይ አሰሩት። አስተሳሰራቸው የለመደ እጅ ነበር።

ጎንደር የገባሁት አመሻሹ ላይ ነው። በቀጥታ እትዬ ደጅ ሄድኩ። ገና ሞተሯን ሳላጠፋ ወጡ። እሸቱን አዩት። ከማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም ነበር።

«ደምቢያ ወረድክ?» አሉኝ።