የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክትትል አገልግሎት

እናቴ የደም ግፊት ሕክምናዋን የምትከታተለው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ይህን አስተያየት የምጽፈው እዚያ ለታካሚዎች የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ገንዘብ ከፍለን በታከምንባቸው ቦታዎች እንኳ ያላገኘነው ስለሆነ ነው።

የክትትል ክፍሏ ነርስ ግፊት ከመለካቷ በፊት ታካሚው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር መሬት አስረግጦ አምስት ደቂቃ ያህል እንዲያርፍ ታደርጋለች፤ መለኪያውን በልብስ ላይ አታስርም፤ እየለካችም ወሬ አትፈቅድም። የላይኛው ቁጥር ልብ ደም ስትረጭ፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ በደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት መሆኑን፣ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነም ከፍተኛ እንደሚባል ታስረዳለች። ለዓመታት «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብቻ ሲባል የኖረችው እናቴ አሁን ቁጥሯን ራሷ ጠይቃ ታስጽፋለች።

ይበልጥ የወደድኩት የጨው ምክሩን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ሲሆን፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ነርሷ ይህን ተናግራ አታበቃም፤ ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት እንደሆነ፣ ወጡ ላይስ ደግሞ ምን ያህል እንደሚጨመር፣ የታሸገ ማጣፈጫ እንጠቀም እንደሆነ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ጨው ቀንሱ የማይል ሐኪም የለም፤ ጨው የሌለበት ሽሮ ለብቻው አስፈጭተን እንድናስቀምጥ የተመከርነው ግን እዚህ ነው።

በጾም ወቅት የጠዋት ኪኒናቸውን የሚተዉ፣ ራስ ምታቱ ሲተዋቸውም ድነናል ብለው የሚያቋርጡ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ነርሷ አትቆጣቸውም፤ የመውሰጃው ሰዓት ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ታማክርላቸዋለች፤ ግፊት ምንም ሳያሳምም ኩላሊትንና አንጎልን ሊጎዳ እንደሚችልም ትነግራቸዋለች። ከመሸኘቷ በፊት «እማማ፣ ኪኒኑን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» ትላለች። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ እርዳታ ያለ አይመስለኝም፤ የተሳሳቱት ነገር ካለ የሚታረመው ያን ጊዜ ነው።

ቅሬታዬ በመድኃኒት አቅርቦቱ ላይ ነው። በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት አምሎዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ሲያልቅ ከውጭ እንድንገዛ እንላካለን፤ ዋጋው ይከብዳል፣ ውስጡ ያለው ወረቀትም በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው። አንዱ መድኃኒት በተለያየ የንግድ ስም ስለሚሸጥ፣ ሁለት ዓይነት መስሏቸው ደርበው የሚወስዱ ሰዎች መኖራቸው በጣም ያሳስበኛል። ወረፋ በሚበዛባቸው ጠዋቶችም የአምስት ደቂቃው ዕረፍት ያጥራል።

ይህም ሆኖ አገልግሎቱን ከልብ እመክራለሁ። ለክትትል የሚመጣ ሰው የሚወስዳቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፣ ከውጭ የገዛቸውንም ጨምሮ፣ ይዞ ቢመጣ ነርሷ እያንዳንዱን አይታ የተደራረበ ካለ ትለይለታለች።