ቪኤምዌር፣ ቨርቹዋልቦክስ ወይስ ሃይፐር-ቪ? ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት

በሁለት ወር ውስጥ አምስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን በደንብ የሚያስኬደው የቱ ነው?» ሦስቱ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ልጆች ናቸው። ኔትወርክ መማር ሲጀምሩ ጣጣው ይመጣል። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በላፕቶፑ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ የሶፍትዌር ኮምፒውተር ነው፤ ቪኤምዌር፣ ቨርቹዋልቦክስና ሃይፐር-ቪ እሱን የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች ናቸው። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ከምጽፍ እዚህ ልገላገለው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ባለፈው ዓመት ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ገብቼ ቪኤምዌር በ600 ብር አስጫንኩ። በፍላሽ፣ ከነክራኩ (ያለ ፈቃድ የሚያስከፍተው)። ልጁ ገና ከመጀመሩ ዲፌንደርን፣ የዊንዶውስን ጸረ-ቫይረስ፣ አጠፋው። «ካላጠፋነው ይበላዋል» አለኝ። የጫነው የድሮ ሥሪት ስለነበር ማሽኑን ላስነሳ ስል «ከክሬደንሺያል ጋርድ ጋር አልሄድም» የሚል መልእክት መጣ፤ ክሬደንሺያል ጋርድ የይለፍ ቃልን የሚጠብቅ የዊንዶውስ መከላከያ ነው። ልጁ ግራ ሲገባው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብቶ ሲኪዩር ቡትን (ላፕቶፑ ሲነሳ ያልታወቀ ሶፍትዌር የሚከለክለውን) አጠፋ። ላፕቶፑ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን፤ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር አምጣ ይላል። ቢትሎከር ነው፣ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ። «ፎርማት እናድርገው፣ 400 ብር» አለኝ። የሁለት ዓመት ሥራዬ እዚያ ውስጥ ነው!

ላፕቶፔን ታቅፌ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አንድ ጓደኛዬ ሲኪዩር ቡቱን መልሶ አበራው። ዊንዶውሱ ቁጥሩንም ሳይጠይቅ ተነሳ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ደግሞ የሚያናድደውን ነገረኝ፦ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ ከኅዳር 2017 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነጻ ነው። 600 ብሬ!

የቪኤምዌርና የዊንዶውስ ጠብ ከየት መጣ? ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድበት የራሱ አቅም አለው። የዛሬው ዊንዶውስ ያንን አቅም ራሱን ለመጠበቅ ይይዘዋል። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው መከላከያ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ 11 ላይ ማሽኑ ከቻለው በርቶ ነው የሚመጣው። ቪኤምዌርና ቨርቹዋልቦክስም የሚፈልጉት ያንኑ ነው። አንድ ምጣድ፣ ሁለት ጋጋሪ። ጥገና ቤቶቻችን የሚያውቁት መፍትሔ የዊንዶውስን መከላከያ ማጥፋት ብቻ ነው። ፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በሚዞርበት አገር ይሄ አያዋጣም።

መከላከያውን ሳታጠፉ ብትጠቀሙስ? ቨርቹዋልቦክስ ይነሳል፣ ግን ከታች በኩል አረንጓዴ ኤሊ ይታያችኋል። ቀልድ አይደለም፣ ምልክቱ ኤሊ ነው። «በዊንዶውስ በኩል ዞሬ እየሠራሁ ስለሆነ ቀስ እላለሁ» ማለቱ ነው። እኔ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኜበት አንድ መስኮት እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ቪኤምዌር ከ2012 ወዲህ የወጡት ሥሪቶቹ ከዊንዶውስ ጋር ታርቀዋል፤ ፍጥነቱም ከኤሊው ይሻላል። ግን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሌላ ቨርቹዋል ማሽን ላስነሳ ስትሉ እንቢ ይላል። ጂኤንኤስ3 (የኔትወርክ መለማመጃ) የምትሠሩ ልጆች የምትጣበቁት እዚህ ላይ ነው።

ሃይፐር-ቪ የዊንዶውስ የራሱ ልጅ ነው። መከላከያውም እሱም በአንድ ምጣድ ይጋገራሉ፣ የሚጠፋ ነገር የለም። በኢንቴል ማሽን ላይ ማሽን ውስጥ ማሽንም ያስነሳል። መልኩ ደረቅ ነው፤ ፍላሽ ሰክታችሁ በቀጥታ ወደ ውስጥ ማስገባትም አይቻልም። እኔ ግን እሱን ነው የምጠቀመው፣ አንድም ቀን ባዮስ አላስገባኝም።

ችግሩ ሃይፐር-ቪ ዊንዶውስ ሆም በሚባለው ዓይነት ላይ የለም፤ ፕሮ የሚባለው ያስፈልጋል። ዋናው የገንዘብ ጉዳይ ይሄ ነው። ከሆም ወደ ፕሮ በሕጋዊ መንገድ ለማሳደግ 99 ዶላር ነው። በዛሬው ምንዛሪ አባዙት፤ ከደሴ ሆኖ በምን ካርድ እንደሚከፈል ደግሞ እናንተው ጨምሩበት። አዲስ የሚሸጡት ርካሽ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሆም ናቸው። ለቢሮ የተሠሩት ያገለገሉት ግን፣ ኤሊትቡክ፣ ላቲቲውድ፣ ቲንክፓድ፣ ብዙ ጊዜ የፕሮ ፈቃዳቸው ከማዘርቦርዱ ጋር ይመጣል። የአክስቴ ልጅ አዲሱን በ48 ሺህ ልትገዛ ስትል ይዣት ዞርኩ። ያገለገለ ኤሊትቡክ፣ ኮር አይ 5፣ ስምንተኛ ትውልድ፣ በ33 ሺህ ተኩል ወሰድን። ሻጩ 35 ሺህ ብሎን ነበር፤ የቻርጀሩ ገመድ ላጥ ያለ ነው ብዬ አስቀነስኩት። ስምንተኛ ትውልድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰባተኛ በታች ያሉት ኢንቴሎች ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ሲበራባቸው ከበድ ይላቸዋል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጀምሮ ነው።

ፕሮ ነው ስላሏችሁ ግን አትመኑ። ብዙ ሱቅ ፎርማት አድርጎ የክራክ ፕሮ ይጭናል። ሴቲንግ ግቡ፣ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። «በዲጂታል ፈቃድ» ካለ ጥሩ። «በድርጅታችሁ የማግበሪያ አገልግሎት» የሚል ካያችሁ፣ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት። እኔ ስጠይቅ አንዱ «የኛ ነው» ብሎኛል። እንዲህ ዓይነቱ ማግበሪያ በየ180 ቀኑ መታደስ አለበት፤ የሚያድሰው ክራክ ደግሞ ዲፌንደር የሚበላው ዓይነት ነው። ከዚያ መልሳችሁ ዲፌንደር ማጥፋት ትገባላችሁ።

ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ቁጥሩን ዛሬውኑ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። ራሙ 8 ጂቢ ከሆነ ሁለተኛ ማስገቢያው ባዶ መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ። የአክስቴ ልጅ ላይ ባዶ ነበር፤ ሌላ 8 በ4,500 ጨመርንበት። በድምሩ 38 ሺህ። ከአዲሱ 10 ሺህ ተረፋት፤ እስካሁን ምሳ አልጋበዘችኝም።