ፋራን ከፍቼ ያየሁት፦ የሎቢስቶች ውል በነፃ

ዲሲ አካባቢ ሁለት ሐበሻ ቡና ላይ ከተገናኘ ‹‹ሎቢስት (ባለሥልጣናትን የሚወተውት ተከፋይ) ቀጥረዋል አሉ›› የሚል ወሬ አይጠፋም። ስንት ተከፈለ? ለማን ተደወለ? እኔ ግምቱ ሲሰለቸኝ የፋራን (FARA፣ የአሜሪካ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ) ድረ ገጽ እከፍታለሁ። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ሕጉ የናዚ ፕሮፓጋንዳ ባሳሰበበት ጊዜ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለውጭ መንግሥት የሚወተውት ሰው ይመዘገባል፣ ውሉንም ያስገባል። ለማየት ክፍያ የለም፣ አካውንትም አይጠይቅም።

መፈለጊያው ላይ ኢትዮጵያን ስትመርጡ የዓመታት ፋይል ይዘረገፍላችኋል። እኔ በቀጥታ የሄድኩት ኤስጂአር (SGR) የተባለው የሎቢ ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ወደገባው የ2017 እ.ኤ.አ. ውል ነው። ያኔ የኢትዮጵያን ሰብአዊ መብት የሚመለከተው የኮንግረስ ውሳኔ፣ ኤችአር 128፣ እንዲያልፍ ብዙዎቻችን በምሳ ሰዓታችን የኮንግረስ አባላት ቢሮ እንደውል ነበር። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ መንግሥት ለዚህ ድርጅት በወር 150,000 ዶላር! ቁጥሩን ሳየው ደሜ ፈላ። (ውሳኔው ኤፕሪል 2018 በተወካዮች ምክር ቤት አልፏል። የእኛ ስልክ በነፃ ነበር።)

ከውሉ በላይ የምወደው በየስድስት ወሩ የሚገባውን ሪፖርት ነው። ማንን፣ በየትኛው ቀን፣ በስልክ ነው በኢሜይል፣ ተዘርዝሮ ይቀመጣል። ስለምን እንደተነጋገሩ ግን ብዙ ጊዜ ‹‹ስለ ሁለቱ አገሮች ግንኙነት›› ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ምን ይባላል? ሪፖርቱም የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የድሮዎቹ ሰነዶች ደግሞ ስካን ስለሆኑ ውስጣቸው ቃል መፈለግ ያስቸግራል።

የአሜሪካ የመድኃኒት ወይም የጦር መሣሪያ ኩባንያዎችን ሎቢስቶች እዚህ አትፈልጉ። እነሱ በ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) የሎቢ ሥራን ይፋ የማድረጊያ ሕግ መሠረት ሪፖርት የሚያስገቡት ለኮንግረስ ነው። የውጭ ኩባንያ የሚወክሉ ብዙዎችም በዚያው በር ሾልከው ይገባሉ። እዚያ በየሦስት ወሩ ገንዘቡና የረቂቅ ሕጉ ቁጥር ይጻፋል። ያነጋገሩት ሰው ስም ሲደርስ ‹‹ሴኔት›› ብሎ መጻፍ ይበቃል። ሴናተሩ መቶ ነው እኮ፣ የትኛውን? ለባዕድ የጠበቀው ሕግ ለቤት ልጅ ላልቷል። የአሜሪካን ሕግ በብዛት የሚያስቀይሩት ደግሞ የቤት ልጆቹ ናቸው።

ለፋራ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ክፈቱት፤ ከውሉ ይልቅም የስድስት ወሩን ሪፖርት አስቀድሙ።