የአንበሳ ዓሣ አደን፦ ከፍሎ መማር ወይስ ከአዳኞች ጋር መውረድ?

ላየንፊሽ ወይም የአንበሳ ዓሣ አገሩ ቀይ ባሕርን ጨምሮ የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ናቸው። በ1985 ፍሎሪዳ ላይ ታየ፤ ዛሬ ካሪቢያንን አጥለቅልቆታል። አንዷ ሴት በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች። እዚያ የሚበላው ጠላት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠላቂዎች ጦር ይዘው ይወርዳሉ። ታዲያ ሥልጠናውን ከኪሳቸው ይክፈሉ?

እንደ ፓዲ ያሉ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ተቋማት የሚሰጡት ኮርስ ይከፈልበታል። ገንዘቡ ሜዳ ላይ አይቀርም። መውጋቱማ ቀላል ነው፤ ዓሣው ቆሞ ያይሃል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጦሩ ጫፍ ላይ እየተወራጨ፣ በሌላኛው እጅህ መያዣውን ከፍተህ፣ ኮራሉን ሳትረግጥ ወደ ውስጥ መግፋት አለብህ። 18 መርዘኛ እሾህ አለው። አንዱ ጓንትህን ከበሳ ቀኑ አለቀ፤ ወጥተህ እጅህን ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ልምድ ካላቸው አዳኞች ጋር መውረድ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ለመዝናናት በእጅ ጦር ለሚያድን ፈቃድ አይጠየቅም፣ የቁጥር ገደብም የለም። ግን ትምህርቱ እንደ አስተማሪው ነው፤ ቸኩሎ የሚወጋ ሰው ቸኩሎ መውጋትን ያስተምርሃል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በየሳምንቱ የሚያድነው የአካባቢው ጠላቂ በነፃ ይሠልጥን። ባሕሩን ለሚያጸዳ ሰው ሂሳብ ማምጣት አይዋጥልኝም። ለእረፍት መጥቶ ሁለት ዓሣ ወግቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄደው ግን ይክፈል። እሾሁ ከተቆረጠ ሥጋው መርዝ የለበትም፤ ማታ ጠብሶ ይበላዋል።