ጫማ ከጀርመን፣ ፓወር ባንክ ከታይዋን፦ በጆሮ የተገዙ ሁለት ዕቃዎች

ጫማው ጥሩ ነው። ቡናማ፣ ባለ ማሰሪያ፣ ቆዳው ለስላሳ፣ ቁጥሩ 43። በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቢለበስም እግር አያቃጥልም። ስለ ጫማው ይኼ ይበቃል። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ሱቁ ነው፤ ከመፈለግ እስከ መክፈል ማንም ሳያግዘኝ ብቻዬን የጨረስኩበት የመጀመሪያው የኢንተርኔት ሱቅ እሱ ስለሆነ።

ለማያውቀኝ፦ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን እኖራለሁ፣ ታሪክ አስተምራለሁ። ላፕቶፔ ላይ ኤንቪዲኤ፣ ስልኬ ላይ ቶክባክ አለ። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነቡልኛል፣ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። የሚያነቡት ግን የተጻፈውን ነው። ሻጩ ፎቶ ለጥፎ ምንም ካልጻፈበት እነሱ ከየት ያምጡት?

ሱቁ ጀርመን ነው። የማማው ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም። እህቴ ኮሎኝ ትኖራለች። ለበዓል የስጦታ ካርድ ገዝታ ኮዱን በኢሜይል ላከችልኝ። ዕቃው በእሷ አድራሻ ይገባል፤ ወደ ድሬ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ በሻንጣ ይመጣል። ድሮም የምናደርገው ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ ድሮ የምትመርጠው እሷ መሆኗ ነው። እዚህ አገር ቤት ደግሞ የወንድሜ ልጅ ይመርጥልኛል። «ጋሼ፣ ይሄኛው ያምርብሃል» ይለኛል፤ የሚያምረው ለእሱ ነው። የ17 ዓመት ልጅ የመረጠውን ሸሚዝ ለብሼ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ምን እንደሚሉ አልሰማሁም፤ መገመት ግን አያቅትም። የይለፍ ቃሌን፣ የባንክ ፒኔን፣ ስንት ብር እንዳለኝ ሁሉ ያውቃል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ሰው ኪሱን ለሌላ አስፈትሾ ነው ወይ ጫማ የሚገዛው?

ይህንኑ የጀርመን ሱቅ ከዚህ በፊትም ሞክሬው አውቃለሁ። ያኔ ጫማ በተደረደረበት ገጽ ላይ የሚሰማኝ «ሊንክ፣ ግራፊክ፣ አይኤምጂ 4471» ነበር፤ ቀጥሎ «ሊንክ፣ ግራፊክ፣ አይኤምጂ 4472»። ትዕግሥቱ ያለው እስከ አምስት ሺህ ይቁጠር ብዬ ዘጋሁት።

አሁን ገጹን ከፍቼ ታብ የሚባለውን ቁልፍ ስጫን መጀመሪያ ያገኘሁት «ወደ ዋናው ይዘት ዝለል» የሚል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ያንን ሁሉ ሜኑ በየገጹ ከላይ እስከ ታች ከመስማት ያድናል። ማጣሪያው ላይ ቀለሞቹ ስም አላቸው፦ «ቡናማ፣ አልተመረጠም»። ስመርጠው «ተመርጧል» አለ፤ ስንት ጫማ እንደቀረም ነገረኝ። ከዚያ ፎቶው። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ላስቀምጠው፦ «ቡናማ የወንድ የቆዳ ጫማ፣ ከጎን፣ ባለ አምስት ቀዳዳ ማሰሪያ፣ ሶሉ ጥቁር ጎማ»። ሶሉ ጥቁር መሆኑን ማወቄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ነጭ ሶል በድሬ አቧራ ምን እንደሚሆን ሚስቴ በየቀኑ ትነግረኛለች።

ቁጥር ስመርጥ ደግሞ የበለጠ ደነቀኝ። የእኔ 43 ነው፤ ጎን ለጎን ያሉትን ስሰማ «42፣ የለም» አለ። ዓይን ያላችሁ ያለቀው ቁጥር ደብዝዞ ይታያችኋል። ለእኔ ድሮ ሁሉም እኩል ነበር፤ መርጬ መርጬ ክፍያ ላይ ስደርስ ነው ዕቃው የለም የምባለው።

አድራሻ መሙያው ላይ ሆን ብዬ የፖስታ ኮዱን ባዶ ትቼ ቀጥል አልኩት። «የፖስታ ኮድ ያስፈልጋል፣ 5 አሃዝ ያስገቡ» ብሎ ራሱ ወደዚያው ሳጥን መለሰኝ። ብዙ ሱቆች እዚህ ላይ ሳጥኑን ቀይ ያደርጉትና ዝም ይላሉ። ቀይ ድምፅ የለውም፤ አንዱ ጋ አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጬ የቱ እንደጎደለ ሳላውቅ ያደርኩበት ጊዜ አለ። የስጦታ ኮዱን ፊደል በፊደል ሳስገባ ደግሞ ገጹ «ጊዜዎ ሊያልቅ ነው፣ ይራዘም?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ከፈልኩ። ደረሰኙ በኢሜይል መጣ፤ እሱም በጽሑፍ እንጂ በፎቶ አይደለም። አቦ፣ ያን ምሽት እህቴ ጋ ደውዬ «ገዛሁ» ስላት «ማን ረዳህ?» አለችኝ።

የረዳኝ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ፣ በቁጥሩ መመሪያ 2019/882፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸደቀ፤ አባል አገሮች እስከ ጁን 28 ቀን 2022 ወደ የራሳቸው ሕግ እንዲያስገቡት ጊዜ ተሰጣቸው፤ ሻጮች ላይ መሥራት የጀመረው ግን ከጁን 28 ቀን 2025 ነው። የኢንተርኔት ሱቅ በግልጽ ተጠቅሷል፤ ባንክ፣ ኢ-መጽሐፍ፣ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ የገንዘብ መክፈያ ማሽንም አብረው አሉበት። ሱቁ የሚመዘንበት ዝርዝር ኢኤን 301 549 የሚባል የአውሮፓ ደረጃ ነው፤ እሱም በበኩሉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያውን፣ ዳብልዩሲኤጂ 2.1 ደረጃ ኤኤ የሚባለውን ይዟል። ፎቶው የጽሑፍ መግለጫ ይኑረው፣ ያለ ማውዝ በኪቦርድ ብቻ ይሠራ፣ ስህተት በቀለም ብቻ ሳይሆን በቃል ይነገር፣ ሰዓት ገደብ ካለ ይራዘም። ከላይ ያስደሰቱኝን ነገሮች አንድ በአንድ ብታዩ ከዚያ ውስጥ ናቸው። ሕጉ ለእኛ ብቻም አይደለም፤ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲለይ መባሉ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ነው፤ የኪቦርዱ ጉዳይ እጃቸው ለማይታዘዛቸውም ነው። ጀርመን ሕጉን ለሚጥስ እስከ 100,000 ዩሮ መቀጫ አስቀምጣለች፤ ፎቶ ላይ መግለጫ የሚጽፍ ሠራተኛ ድንገት የተገኘውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የአውሮፓ ሸማች አይደለሁም፤ ሕጉ እኔን አያውቀኝም። ሳቢያን የሚከፈተው ገጽ ግን ኮሎኝ የሚከፈተው ያው ስለሆነ ከማዕዳቸው ደረሰኝ።

አሁን ወደ ሐሜቱ። የጫማ ቁጥርን ከሴንቲሜትር ጋር የሚያነጻጽረው ሠንጠረዥ አሁንም ፎቶ ነው። «የቁጥር ሠንጠረዥ፣ ግራፊክ» ይልና ያልፋል። ቁጥሬን ስለማውቅ አለፍኩት፤ ለልጅ የሚገዛ ሰው ግን ምን ያድርግ? ከላይ ደግሞ የቅናሽ ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ ኤንቪዲኤ ስለ ጫማው ሲያነብልኝ በመሀል «59፣ 58፣ 57» እያለ ያቋርጠዋል። እንደ ባጃጅ ረዳት ጆሮ ላይ ይጮኻል። ከታች ጥግ ላይ ያለው የቻት መስኮት አንዴ ከከፈቱት መዝጊያው ስም የለውም፤ ኤስኬፕ የሚባለው ቁልፍም አይዘጋውም። ጫማው እንዴት እንደሚጸዳ የሚያሳይ ቪዲዮም አለ፤ ሙዚቃ ብቻ ነው። ይህኛውን ሕጉ ራሱ ሳይምራቸው አልቀረም፤ ከጁን 28 ቀን 2025 በፊት የተለጠፈ የተቀረጸ ቪዲዮ አይጠየቅበትም።

የሚመሰገን አንድ ነገር ልጨምር። ከገጹ ግርጌ «ተደራሽነት» የሚል ሊንክ አለ፤ ሱቁ ሕጉን እንዴት እንደሚያሟላ መጻፍ ስላለበት ነው። እዚያ የቁጥር ሠንጠረዡ ገና እንዳልተስተካከለ ራሳቸው አምነው ጽፈዋል። ከደበቁት ይሻላል።

በዚያው ሰሞን ቀበቶ ፈልጌ ወደ አንድ ትንሽ የቆዳ ሱቅ ገባሁ፤ ባልና ሚስት የሚሠሩበት ነው። እዚያ ያው የድሮው ግራፊክ፣ ግራፊክ ነው። ከ10 ሰው በታች የሚሠራበትና የዓመት ሽያጩ ወይም ሀብቱ ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ አገልግሎት ሰጪ ከሕጉ ውጭ ነው። ባልና ሚስቱን አልፈርድባቸውም፤ ቀበቶውን ግን አልገዛሁም። ሌላ አንድ ሱቅ ደግሞ ጥግ ላይ የሰው ምስል ያለበት ቁልፍ ሰቅሎ «ለአካል ጉዳተኞች» ይላል። ስጫነው የራሱን ድምፅ ከኤንቪዲኤ ድምፅ ላይ ደርቦ ይለፈልፋል፤ ስም የሌላቸው በተኖች ከሥር እንዳሉ ናቸው። የአውሮፓ አካል ጉዳተኞች ፎረም እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ያለው ተለጣፊ መሣሪያ ገጹን በራሱ ተደራሽ እንደማያደርገው አስታውቋል። ገንዘባችሁን እንዳትጥሉበት።

ወደ አገር ቤት። መብራት ሲጠፋ ስልኬ እንዳይሞት ፓወር ባንክ ያስፈልገኝ ነበር። መጀመሪያ ዕቃ ቤት ድረስ እናመጣለን የሚል አንድ የአገር ውስጥ አፕ ጫንኩ። ዋናው ገጽ ላይ ጣቴን ሳሻሽ፦ «አንሌብልድ በተን። አንሌብልድ በተን። ምስል። አንሌብልድ በተን»። ስም ያልተሰጠው ቁልፍ ማለት ነው። ዋጋው ፎቶው ላይ የተጻፈ ነው፤ ለእኔ የለም ማለት ነው። አንዱን በተን በድፍረት ብጫነው ካሜራ ከፈተብኝ። አራገፍኩት።

ከዚያ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የምትሸጥ አንዲት ሴት የቴሌግራም ቻናል አገኘሁ። ቻናሉ ራሱ ያው ነው፤ ፎቶና «ዋጋ በኢንቦክስ»። ኢንቦክስ ገባሁና በድምፅ መልእክት «እህቴ፣ እኔ ማየት አልችልም፣ ያለሽን በአፍሽ ንገሪኝ» አልኳት። ወዲያው በድምፅ መለሰች (ሃያ ሺው፣ አስር ሺው የምትለው የባትሪውን አቅም እንጂ ዋጋውን አይደለም)፦ «አቦ ወንድሜ ችግር የለም! ሃያ ሺው አለ፣ አስር ሺው አለ። ሃያ ሺው ከበድ ይላል፣ ሁለት ስልክ ባንዴ ይሞላል፣ ከጎኑ ጎላ ያለች መጫኛ አለችው፣ በእጅህ ታገኛታለህ። ነጩ ይቆሽሻል፣ ጥቁሩን ልላክልህ?» ጎላ ያለች መጫኛ! ይህን የጀርመኑም ሱቅ አልጻፈውም። 2,800 ብር አለች፣ 2,600 ተስማማን። በ*127# በቴሌብር ላክሁላት፤ ከሰዓት በኋላ ባጃጁ ግቢው በር ላይ ነበር። ፓወር ባንኩ እስካሁን ደህና እየሠራ ነው።

ከአፑ ይልቅ ሴትዮዋን ትመርጣለህ ወይ ብትሉኝ፣ ለዛሬ አዎ። ግን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አስር ዕቃ ልጎብኝ፣ ዋጋ ላነጻጽር፣ ምንም ሳልገዛ ልውጣ ብል እሷን ልቀሰቅሳት አልችልም። ሌላው ሰው መስኮት ዓይቶ ያልፋል፤ እኔ ለማየት ብቻ የሰው ውለታ ውስጥ እገባለሁ። ሦስተኛ ዕቃ ስጠይቃት ድምፅዋ ውስጥ «ይገዛ ይሆን?» የሚል ነገር ይሰማኛል፤ አፍሬ እገዛለሁ።

አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 ላይ ኢንተርኔት በስሙ ተጠርቷል። ይህን ጠቅሼ፣ የስልኬን ድምፅ «አንሌብልድ በተን» እያለ ቀድቼ አያይዤ ለአፑ ሰዎች ላክሁላቸው። አንድ ወጣት ደወለልኝ፤ በትሕትና «ጋሼ፣ ይሄ ብዙ ሥራ ነው ወይ?» አለኝ። በየበተኑ ላይ ስም መጻፍ ነው አልኩት፤ ስሙ ዓይን ላለው ሰው ስክሪኑ ላይ መታየት እንኳ የለበትም፣ ቶክባክ ካገኘው በቂ ነው። ዋጋውን ደግሞ ከፎቶው አውጥታችሁ በጽሑፍ አድርጉት አልኩ፤ ያ ከሆነ ፈልጎ ማግኘት ለሁሉም ደንበኛ ይቀላል።

አፑን ዳግም ጫንኩት። በአዲሱ ዝመና «ወደ ቅርጫት ጨምር» በግልጽ ይነበባል፣ የግማሾቹ ዕቃዎች ዋጋም በጽሑፍ ሆኗል። «ክፈል» የሚለው ገና ስም አልወጣለትም። ቅርጫቴ ውስጥ አንድ የእጅ ባትሪ ለሚስቴ ተቀምጧል።