የቀበሌ ማስታወቂያ ሲመዘን፦ በደሴ ወሬው ከምክር ቤት እስከ ደጃፍ እንዴት ይደርሳል?

«ነገ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ውሃ ስለሚለቀቅ ነዋሪዎች እንድትቀዱ እናሳስባለን።»

ዘጠኝ ቃል ነው፤ ጉድለቱ ግን አራት። «ነገ» የሚለው የተጻፈበትን ቀን ይዞ ነው የሚቆጥረው። ሰው ለሰው ሲቀባበለው ከሁለት ቀን በኋላ የደረሰው ሰው የራሱን ነገ ጠብቆ ጀሪካን ይደረድራል። 2 ሰዓቱ የጠዋት ይሁን የማታ አልታወቀም። ለየትኛው ሰፈር እንደሚለቀቅ የለም። መቼ እንደሚዘጋም የለም። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባት ደሴ ደግሞ ከመከፈቻው ይልቅ መዝጊያው ሰዓት ነው ሰውን የሚጠቅመው፤ ምን ያህል እንደሚቀዳ፣ ልብስ ይጠብ አይጠብ የሚወስነው በዚያ ነው።

ያው መልእክት እንዲህ ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም፦ «ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ዓርብ ንጋት 12 ሰዓት። ከትምህርት ቤቱ በታች ላላችሁ ቤቶች ወዲያው ይደርሳል፤ ከላይ ላላችሁ ግፊቱ የሚደርሰው የታችኞቹ ሲሞሉ ስለሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ጠብቁ።» የላይና የታች ነገር ትርፍ ወሬ እንዳይመስል። ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ለዳገት በተሠራ ከተማ ውስጥ አንድ መስመር ሲከፈት ታች ያለው ቤት ሮቶውን እስኪሞላ ላይ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ሊነፋ ይችላል። ይህን ያልነገረ ማስታወቂያ የላይኛውን ሰፈር ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ያስጠብቃል። የሌሊት ሰዓት ሲጻፍም የድሮው አነጋገር ከሁሉም ይሻላል፤ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ከተባለ የሚያከራክር ነገር የለውም።

እንግዲህ የሚመዘነው ይህ አገልግሎት ነው፦ የቀበሌና የከተማ አስተዳደር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕዝብ የወከለው የምክር ቤት አባል፣ የሆነውንና የሚሆነውን ለነዋሪው የሚያሳውቁበት መንገድ። አንድን ቀበሌ ወይም አንድን ሹም ለይቶ ለመውቀስ አይደለም፤ በደሴና በኮምቦልቻ የተለመዱትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የቱ ለምን እንደሚበጅ ለማየት ነው።

ከሰሌዳው እንጀምር። ቀበሌ በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ብዙ ሰው የናቀው ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የታመነው እሱ ነው። ማህተም አለው፣ ቲተር አለው፣ የወጪ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው። ክርክር ቢነሳ ቁጥሩን ጠቅሶ መጠየቅ ይቻላል። ችግሩ አለጣጠፉ ላይ ነው። መስተዋት የሌለው ሰሌዳ በክረምት አንድ ቀን ዝናብ ካገኘው የማህተሙ ሰማያዊ ቀለም ወርዶ ፊርማውን ያጠፋዋል። አዲስ ወረቀት በአሮጌው ላይ ይለጠፋል፤ የተሸፈነው የጨረታ ማስታወቂያ መዝጊያ ቀኑ ግን ገና አላለፈም። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ሰሌዳውን በቾክ ሦስት ቦታ መክፈል፤ «ቀን ያለው ጉዳይ»፣ «ቋሚ መረጃ»፣ «የተሰጠ ውሳኔ»። በየወረቀቱ ግርጌ «እስከዚህ ቀን ይነሳ» ብሎ መጻፍ፤ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ቀኑ ያለፈውን ማንሳት። አንባቢም አንድ ነገር ይልመድ፤ ወረቀቱን ፎቶ ሲያነሳ ከላይ ያለውን ቁጥርና ቀን፣ ከታች ያለውን ማህተም አብሮ ይያዝ። መሐሉ ብቻ የተነሳ ፎቶ ለክርክር አይበቃም።

ድምፅ ማጉያ የጫነው መኪና ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ጥቂት ያሰማል። ስሌቱ ቀላል ነው። መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሴኮንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይራመዳል፤ የግማሽ ደቂቃ መልእክት ተነብቦ ሲያልቅ ከ160 ሜትር በላይ ርቋል። ቤቱ ያለ ሰው ወይ «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች» የሚለውን ብቻ ይሰማል፣ ወይ «...እናሳስባለን» የሚለውን። ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር ባለው አስፋልት ላይ ሲሆን የመኪና ጥሩምባና የባጃጅ ድምፅ ይጨመርበታል፤ ወደ ውስጥ ያለው የድንጋይ መንገድና ደረጃ ደግሞ መኪና አያስገባም። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ በየመገናኛው ማቆም፣ ሞተር ማጥፋት፣ ሰላምታውን ትቶ ከፍሬ ነገሩ መጀመር፣ ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ ከዚያ መንቀሳቀስ። ለድንገተኛ ነገር፣ ለምሳሌ ለክትባት ዘመቻ ወይም ለተበከለ ውሃ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ለስብሰባ ጥሪ ግን ባክኗል።

ቴሌግራም። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙው ቀበሌ «መረጃ እንሰጣለን» ሲል አሁን አሁን ቻናሉን ነው የሚያሳየው።

ቻናሉ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው የስብሰባ ዜና ነው። መድረኩ፣ ባነሩ፣ የክብር እንግዶቹ፣ «ውይይቱ የጋራ መግባባት ላይ በመድረስ ተጠናቋል»። ምን ላይ ተግባቡ? የለም። የተሰበሰቡት የኮብልስቶን መዋጮ ለመወሰን ከሆነ ነዋሪው የሚፈልገው አራት ቁጥር ነው፦ መንገዱ ስንት ሜትር ነው፣ ከነዋሪው በቤት ስንት ብር ይጠበቃል፣ መንግሥት ስንት ይሸፍናል፣ የሳይት ርክክቡ መቼ ነው። አንዱም ሳይኖር ስድስት ፎቶ ይለጠፋል። «አፈጻጸሙ 87 በመቶ ደርሷል» የሚልም አለ፤ ከምን 87 በመቶ እንደሆነ ካልተነገረ ቁጥሩ ከጌጥ አይዘልም።

የአሠራር ስህተቶቹ የሚታረሙ ናቸው። ደብዳቤን በፎቶ ብቻ መለጠፍ አንዱ ነው፤ ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በመፈለጊያ አይገኝም፣ ዳታም ይበላል፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው አይነበብም። ፎቶው ለማህተሙ ይሁን፤ ሥሩ ግን ፍሬ ነገሩ በአራት መስመር ይተየብ። ሌላው ማስተካከያ ነው። ቀኑ ሲለወጥ የድሮውን መልእክት ገብቶ ማረም በቂ አይደለም፤ የታረመ መልእክት እንደ አዲስ አያስጠራም፣ ያነበበው ሰው በአሮጌው ቀን ይወጣል። አዲስ ጽሑፍ «ለውጥ» ብሎ መልቀቅ፣ አሮጌውን ሳይሰርዙ ከላዩ «ተሽሯል» ማለት ነው የሚገባው። ቀን የያዘውን ጉዳይ ፒን ማድረግ፣ ሲያልፍ ማውረድ። ጥያቄና መልስ ያለበት ግሩፕና ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበት ቻናል ደግሞ ለየብቻ ይሁኑ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የጤና መድን እድሳት ማስታወቂያ በአርባ «እናመሰግናለን» ሥር ይቀበራል።

ከነጭራሹ የማይሠራበት ጊዜም አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሁሉን በቴሌግራም የያዘ ቀበሌ አፉ ተዘጋ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ቴሌግራም ቀርቶ ስልክም ብርቅ ነበር። ሰሌዳውን ያልጣለ፣ የቅሬ (የእድር) ሰብሳቢዎችን ስም ዝርዝር በወረቀት የያዘ ቀበሌ ግን በእንዲህ ያለ ጊዜም መናገሪያ አያጣም።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ለባለ ቁልፍ ስልክ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች» ብቻውን ከሩብ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሰላምታው ይቅር፤ ምን፣ የት፣ ቀን፣ ሰዓት። አንዳንድ አሮጌ ስልክ ደግሞ ፊደሉን ትቶ ሳጥን ሳጥን ያሳያል። የከተማዋ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ታክሲና ሱቅ ውስጥ ስለሚሰሙ ለሰፊው ጉዳይ ይሆናሉ፤ ለአንድ ቀበሌ ጉዳይ ግን ሰፊ ናቸው። የሊዝና የግዥ ጨረታ የሚከታተል ሰው «በኩር» ጋዜጣን ሳያይ አይለፍ፤ ሰሌዳው ላይ የዘገየው እዚያ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ወደ ቅሬ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ በየሰፈሩ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት ነው። እንደ መረጃ መንገድ ሲታይ ከሁሉም የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ስብሰባው ቀሪ መቅጫ አለው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ያልመጣን ማንም አይጠይቅም፤ ቅሬ ላይ ያልመጣ ይከፍላል። ስለዚህ የአባወራና የእማወራ ተወካይ ከሞላ ጎደል ተሟልቶ የሚገኝበት ሌላ መድረክ የለም። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቃሉ በአፍ ስለሚሄድ መንገድ ላይ ይለወጣል፤ «እስከ 30» የተባለው «ከ30 በኋላ» ሆኖ ይደርሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው፤ የምክር ቤቱ ተወካይ ለቅሬው ሰብሳቢ ይሰጠዋል፣ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ያነበዋል፣ ወረቀቱ ከቅሬው መዝገብ ጋር ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ተከራይ አብዛኛውን ጊዜ አባል አይደለም፤ ለተከራይ ሰሌዳውና ቴሌግራሙ ይቅር የማይባሉት ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በፋብሪካዎቹ በፈረቃ የሚሠራው ወጣት ተከራይ ነው፣ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ እንቅልፍ ላይ ወይ ማሽን ላይ ያገኘዋል። እዚያ ማስታወቂያ መለጠፍ ያለበት ሠራተኛው ሰርቪስ በሚጠብቅበት ቦታ ነው።

የምክር ቤቱ ተወካይስ? ከሁሉም ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኘው እሱ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሱ ብቻ አይደለም። የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር፤ በአምስት ዓመቱ፣ በ2010፣ መደገም ሲገባው ተራዘመ። ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ልጅ ዛሬ ግብር ከፋይ ሆኗል፤ ቀበሌውን በምክር ቤት ማን እንደሚወክል ቢጠየቅ ስም አይጠራም። ተወካዩም ብዙ ጊዜ የሚታየው ከላይ የመጣን መልእክት ሲያወርድ ነው፤ ከታች የተጠየቀውን ይዞ ወጥቶ መልሱን ሲያመጣ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ከጉባኤ በፊት የአጀንዳው ዝርዝር አንድ ገጽ። ከጉባኤ በኋላ በሳምንት ውስጥ ሌላ አንድ ገጽ፦ ምን ቀረበ፣ ምን ጸደቀ፣ እኔ ምን ጠየቅሁ፣ ማን ምን መለሰ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ለቀበሌው የተያዘው ሥራ በብርና በሜትር። ይህን በየወሩ አዘጋጅቶ ለሰሌዳው፣ ለቻናሉና ለቅሬዎች የሚሰጥ ተወካይ ከአንድ ቀን ሥራ በላይ አይፈጅበትም።

ሳይነገር ሲቀር ደግሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል፤ ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መንገዱን ያሳያል። ጥያቄው በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል፤ በቃል ከሆነ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በጽሑፍ ያሰፍረዋል። «ለምን ፈለግኸው?» የሚል ጥያቄ መመለስ ግዴታ አይደለም። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ካልተሰጠ ወይም ከተከለከለ አቤቱታው እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይደርሳል።

ደብዳቤው ሲጻፍ «ስለ መንገዱ መረጃ ይሰጠኝ» ማለት አያዋጣም፤ የሚመጣው መልስም እንደዚያው ጭጋግ ነው። «በ2017 በጀት ዓመት ለዚህ ቀበሌ ውስጥ ለውስጥ መንገድ የተያዘው ገንዘብ፣ የተሠራው ርዝመት በሜትር፣ ከነዋሪ የተሰበሰበው መዋጮ ከነደረሰኝ ብዛቱ፣ እና ይህን ያጸደቀው ቃለ ጉባኤ ቅጂ» ተብሎ ይጻፍ። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትቶ መያዝ ነው። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ስለሆነ «ነገ ተመለስ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» ቢባልም ደብዳቤውን ለመቀበልና ቁጥር ለመስጠት መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ይበቃል።