በአዳማ የአሮጌ ትራክተር ማግኔቶ ያስፈተሽኩበት ጋራዥ

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር የመስኖ ፓምፕና ጄኔሬተር የሚጠግን አንድ አነስተኛ ጋራዥ አለ፤ ከአባቴ የወረስኩትን የፋርሞል ኤች ትራክተር ማግኔቶ (በማግኔት መሽከርከር የካንዴላውን ብልጭታ የሚያመነጨውን ዕቃ) ወስጄ ያሠራሁት እዚያ ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ይህን ባለ አራት ሲሊንደር ትራክተር ከ1939 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ያመረተው ሲሆን፣ የእኛው በቤንዚን የሚሠራና የእሳት ብልጭታውን ያለ ባትሪ ከራሱ ማግኔቶ የሚያገኝ ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ካንዴላም ማግኔቶም ስለሌለ፣ ዕድሜውን ሙሉ የናፍጣ ትራክተር ሲጠግን የኖረ ጎበዝ መካኒክ እንኳ ይህን ዕቃ ሲያይ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ብልሽቱ እንዲህ ነበር፦ ትራክተሩ ጠዋት በማኖቬላ ያለ ችግር ይነሳል፤ ማረስ ጀምሮ ሞተሩ በደንብ ሲግል ግን መቆራረጥ ይጀምርና ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ እስኪበርድ ድረስ ምንም ቢያዞሩት አይነሳም። አስቀድሜ ያማከርኩት ሌላ ጋራዥ ማግኔቶውን ሳይከፍት፣ አውጥቼ ጥዬ በባትሪ የሚሠራ ኮይል (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥር የሽቦ ጥቅልል) እና ዲስትሪቢውተር (ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ዕቃ) እንዳስገባ መከረኝ። ይህ የማይሠራ ምክር አይደለም፤ ነገር ግን ለሳምንታት ቆሞ በድንገት ለሥራ የሚፈለግ ትራክተር ባትሪ ባያስፈልገው ትልቅ ጥቅም ስለሆነ፣ ያልተመረመረ ዕቃ ለመጣል አልፈቀድኩም።

የወንጂው መንገድ ጋራዥ ባለሙያ ማግኔቶውን ሞርሳ ላይ አስረው፣ ከመክፈታቸው በፊት ዘንጉን በእጃቸው ቀስ እያሉ በማዞር ኩሽኔታው መላላትና አለመላላቱን፣ እንዲሁም የማግኔቱ መሳብ በእጅ የሚሰማ መሆኑን አረጋገጡ። ቀጥለውም በመሰርሰሪያ እያዞሩት ብልጭታው ክፍት አየር ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል መዝለሉን አሳዩኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ደህና ነው» ብሎ ያቆማል፤ ነገር ግን በሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየርና ቤንዚን ብልጭታውን ከክፍት አየር ይልቅ አብዝቶ ስለሚከለክለው፣ ውጭ የታየ ብልጭታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ባለሙያው ይህን ያውቁ ስለነበር የማግኔቶውን ኮይልና ኮንደንሰሩን (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማቸውን ትንሽ ዕቃ) አውጥተው በአምፖል ሙቀት አግለው እንደገና ለኩ። የኮይሉ የመጀመሪያ ጥቅልል ከአንድ ኦም በታች፣ ሁለተኛው ጥቅልል ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ሆኖ ቢግልም ሳይቋረጥ ሲቆይ፣ ኮንደንሰሩ ግን ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ጀመረ።

ከዚያ ፖይንቶቹን (እየተከፈቱና እየተዘጉ የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጡትን ሁለት የብረት መገናኛዎች) በማጉያ መነጽር እንድመለከት ጋበዙኝ። በአንደኛው ገጽ ላይ ትንሽ ጉብታ፣ በትይዩው ላይ ደግሞ ያንኑ የሚያክል ጉድጓድ ይታይ ነበር፤ ብረቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል። ኮንደንሰሩ ፖይንቶቹ ሲከፈቱ የሚፈጠረውን ኃይል መቀበል ሲገባው ሳይቀበል ስለቀረ እሳቱ በፖይንቶቹ መካከል ይነድዳል፣ ወደ ካንዴላው የሚሄደውም ይዳከማል። ኮንደንሰሩን በ0.2 ማይክሮፋራድ ተክተው፣ ፖይንቶቹን አስተካክለውና አጽድተው ክፍተታቸውን ለዚህ ማግኔቶ በተወሰነው 0.33 ሚሊ ሜትር ላይ አደረጉት።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ያልጠየቅኳቸውን ማየታቸው ነው። ማግኔቶው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ያለው ኢምፐልስ ካፕሊንግ፣ ማኖቬላው በዝግታ ሲዞር ማግኔቱን ይዞ ያቆይና በስፕሪንግ በድንገት ይለቀዋል፤ በዚህም ብልጭታው ጠንካራ ይሆናል፣ ፒስተኑ ጫፍ እስኪደርስ ድረስም ይዘገያል። የእኛው ግን ግሪሱ ደርቆ አንደኛውን ጥርስ አጣብቆት ነበር። ይህ ክፍል ሳይሠራ ሲቀር ብልጭታው ቀድሞ ስለሚመጣ ማኖቬላው ወደ ኋላ ይመታል፤ የእጅ አንጓም ሊሰብር ይችላል። በቤንዚን አጥበው፣ ግሪስ ሳይሆን ጥቂት ቀጭን ዘይት ብቻ ጠብ አድርገው ሲያዞሩት «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። «ይህ ድምፅ ከጠፋ ማኖቬላውን እንዳይነኩት፤ በሚያዞሩበትም ጊዜ አውራ ጣትዎን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያድርጉት» አሉኝ።

ትራክተሩ ላይ መልሼ ስገጥመው የነገሩኝን ተከተልኩ፤ የመጀመሪያው ሲሊንደር በመጭመቂያ ምቱ ጫፍ ሲደርስ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ እንዲሰማ አድርጌ፣ ሽቦዎቹን በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ቅደም ተከተል ዘረጋሁ። አሁን ሞተሩ ግሎ ከቆመ በኋላም ወዲያውኑ ይነሳል።

ቅሬታዬን ሳልናገር ብቀር ግን ሌሎች ደንበኞችን እጎዳለሁ። ጋራዡ ቀነ ቀጠሮ አያከብርም፤ የፓምፕ ሥራ ሲበዛ የእርስዎ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የተለካው ሁሉ በቃል ብቻ ነው የሚነገረው፤ በወረቀት የተጻፈ ነገር አይሰጥም፤ ስለዚህ ልኬቶቹን በራሴ ማስታወሻ ላይ ያሰፈርኳቸው እዚያው ቆሜ ነው። የፍተሻው ክፍያ ከጥገናው ተለይቶ የሚጠየቅ ሲሆን፣ ይህ ተገቢ ይመስለኛል፤ ጥገና የማያዋጣ ከሆነ ሰው ለምርመራው ብቻ ከፍሎ መሄድ ይችላልና። ኮይሉ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ግን መለዋወጫ እንደሌላቸውና ሁለተኛውን እጅግ ቀጭን ሽቦ እንደማይጠቀልሉት በግልጽ ነግረውኛል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ማግኔቶውን ከእነ ኢምፐልስ ካፕሊንጉ፣ ከእነ ካንዴላ ሽቦዎቹና ከእነ ካንዴላዎቹ ይዞ ይሂድ፤ ራሱ ፈትቶ ማግኔቱን ከማግኔቶው ቀፎ ባያወጣው ደግሞ ይሻላል፣ ዋልታዎቹን የሚያገናኝ ብረት ሳይደረግለት የወጣ ማግኔት ኃይሉ ሊቀንስ ይችላልና።